የመዝገብ ቤቷ የመጨረሻ ፍሎፒ ድራይቭ

ዘመኑ ክልሉ ገና ወንበርና ጠረጴዛ እያሟላ ያለበት ነው፤ ነሐሴ 1996 ዓ.ም.፣ አሶሳ። ከቢሮዎቹ በአንዱ አራት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገብተው ሠራተኛው ሁሉ እንደ ሙሽራ ሲያያቸው ሰነበተ። አዲሶቹ ፍሎፒ ዲስክ የሚጎርሱበት አፍ የላቸውም። ይህን ጊዜ የኮምፒውተር ባለሙያው በኃይሉ፣ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ የተመደበው፣ አንገቱ ላይ እንደ ማዕተብ ፍላሽ ዲስክ ያንጠለጠለው ሰው፣ «የአሮጌዎቹም አፍ ይነቀል» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። አሥራ አንድ ድራይቭ ተነቅሎ ተጣለ። የቀረችው የመዝገብ ቤቷ ብቻ ናት።

በኃይሉ ዛሬ ችኩል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዝውውር ኮሚቴ ይሰበሰባል። ከተፈቀደለት ደብረ ማርቆስ ገብቶ መስከረምን ከሚስቱ ከእፀገነትና እስካሁን በፎቶግራፍ ብቻ ከሚያውቃት ልጁ ጋር ሊቀበል ነው። ከዚያ በፊት ግን ይህችን አንዲት ድራይቭ ነቅሎ ሥራውን ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። የመዝገብ ቤቱና የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ኢዘዲን ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል።

በኃይሉ፦ ዞር በል ብዬሃለሁ! አሥራ አንዱን ስነቅል ማንም አላለቀሰም፤ አንተ ለአንዷ ለቅሶ ተቀመጥክ?

ኢዘዲን፦ አላለቅስም። ፈርም ነው የምልህ።

በኃይሉ፦ የምን ፊርማ?

ኢዘዲን፦ ከዚህ ክፍል ያለ ፊርማ መርፌም አይወጣም። ትናንት ሠናይት ስቴፕለር ወሰደ፣ ፈረመ።

በኃይሉ፦ ወሰደች! ፈረመች! ሠናይት እኮ ሴት ናት!

ኢዘዲን፦ እሺ፣ ወሰደች። ግን ፈረመች። አንተ ወንድ ነህ፣ ፈርም።

በኃይሉ፦ ለቆሻሻ አልፈርምም! «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲባል እሰማ ነበር። ሁለቱን በአንድ ክፍል ያየሁት ግን እዚህ ነው።

[ኢዘዲን ይህችን ተረት ሰምቶ አያውቅም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገማት፤ ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መዝገቡ ጠርዝ ላይ ጻፋት። በኃይሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።]

ኢዘዲን፦ ጠይብ፣ እሺ፣ ጥሩ ንግግር ነው። አሁን አስረዳኝ። ድራይቩ ምን አጠፋ?

በኃይሉ፦ አረጀ! ዘመኑ አለፈ! ይቺን ታያለህ? [ፍላሹን ከአንገቱ ብድግ አድርጎ] ይቺ ብቻዋን የዘጠና ዲስክ ሸክም ትችላለች።

ኢዘዲን፦ ወላሂ፣ እኔ ሂርዝ መስሎኝ ነበር።

በኃይሉ፦ ምን?

ኢዘዲን፦ ሂርዝ፣ ክታብ። ሼኹ ጽፎ የሚሰጠው፣ ለሰው ዓይን የሚታሰር። ኢንጂነሩ ምን ሆኖ ሰው ፈራ ብዬ አዝኜልህ ነበር።

በኃይሉ፦ [ለግድግዳው] አምስት ዓመት! አምስት ዓመት ከእንደዚህ ያሉ ሰዎች ጋር! ክታብ አይደለችም፣ ፍላሽ ናት።

ኢዘዲን፦ ይቺ ፍላሽ ወረዳዎቹ ጋ አለች? ቶንጎ አለች?

በኃይሉ፦ የለችም።

ኢዘዲን፦ ማንኩሽ?

በኃይሉ፦ የለችም።

ኢዘዲን፦ ድባጤ?

በኃይሉ፦ የለችም አልኩህ! በቢሮው ውስጥ ያለችው አንዲት ናት፤ እሷም እኔ አንገት ላይ ናት።

ኢዘዲን፦ ስለዚህ ማንኩሽ ሪፖርት ልላክ ሲል፣ አንገትህን እንልክለታለን?

በኃይሉ፦ በወረቀት ይላኩ!

ኢዘዲን፦ የቶንጎ ማተሚያ ቀለሙ ካለቀ ሦስት ወሩ። ለዚህ ነው ዛሬም ዲስክ የላኩት። [ከመሳቢያው ቡናማ ፖስታ አወጣ] ጠዋት ገባ። ሁለት...

በኃይሉ፦ ሁለት ይሁን ሃያ፣ ምን አገባኝ!

ኢዘዲን፦ አንተን የሚመለከት...

በኃይሉ፦ እኔን የሚመለከተኝ የዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው! ስማኝ፣ በር ላይ የለጠፍኩትን ደብዳቤ አንብበሃል?

ኢዘዲን፦ ሦስት ጊዜ። በቃሌ ልበለው? «ከዛሬ ጀምሮ ፍሎፒ ድራይቭ የሚባል ንብረት ወደ ንብረት ክፍል አይገባም፤ የተረከበ ሠራተኛ በኃላፊነት ይጠየቃል።» ማኅተም አለው። የአንተ ፊርማ አለው።

በኃይሉ፦ በል እንግዲህ! ገባህ?

ኢዘዲን፦ ገባኝ። አይገባም ይላል። የገባው ይውጣ ግን አይልም።

በኃይሉ፦ ኧረ የፈጣሪ ያለህ! አምጣ እስቲ ያንን! [ፖስታውን ነጥቆ ዲስኩን አወጣ] ይቺን ነው ከእኔ ትምህርት ጋር የምታወዳድረው? እያት! አቧራ ቢነካት ትሞታለች፣ ፀሐይ ቢያያት ትሞታለች!

ኢዘዲን፦ በእጅ አትንካት፣ በኃይሉ። ውስጧ የአንተ...

[በኃይሉ የዲስኳን ብረት ገንጥሎ፣ ጠፍጣፋ ቡናማ ሆዷን በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣና እንደ ስስ ቂጣ ብርሃን ላይ አገላበጣት።]

በኃይሉ፦ ይኸው! ይሄ ነው የክልሉ ሰነድ! በምላስ ብትልሰው ይጠፋል!

[ቀጥሎ ካቻቢቴውን መዝዞ ተቀመጠ። አራት ብሎን ፈታ፤ የመጨረሻዋን ድራይቭ መንጭቆ አወጣና በመስኮት ወረወራት። ከመስኮቱ ውጭ ባለው ማንጎ ዛፍ ሥር ዝናብ ያቆረው ውሃ ውስጥ ተንቦጫረቀች። በኃይሉ እጁን አራገፈ። እውነቱን ለመናገር፣ አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ሠናይት፣ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሏ፣ ማኅደር ታቅፋ ገባች።]

ሠናይት፦ በኃይሉ፣ እዚህ ነህ እንዴ! ጉድ ሆነሃል። ዝውውሩ የአምስት ዓመት የሥራ ምዘና ይጠይቃል። የአሶሳው ሦስት ዓመት አለ። መጀመሪያ የሠራህበት የቶንጎው ሁለት ዓመት የለም።

በኃይሉ፦ እንዴት አይኖርም? ይላካል ተብሏል እኮ!

ሠናይት፦ ተልኳል። በሬዲዮ አረጋግጠናል። በዲስክ ነው የላኩት፤ ጠዋት ደርሷል አሉ። አትመህ አምጣልኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቀጣዩ ኮሚቴ በዓመቱ ነው።

[ወጣች። በኃይሉ ጣቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ቡናማ ነገር አየ። ከዚያ መስኮቱን አየ። ከዚያ ኢዘዲንን አየ። ማኅደር ክምር ላይ ተቀመጠ።]

በኃይሉ፦ ኢዘዲን።

ኢዘዲን፦ አቤት።

በኃይሉ፦ ይቺ... የእኔ ምዘና ናት?

ኢዘዲን፦ ነበረች።

በኃይሉ፦ ታዲያ ለምን አትነግረኝም!

ኢዘዲን፦ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። አንተ ሦስት ጊዜ ጨረስክልኝ።

በኃይሉ፦ አለቀልኝ። እፀገነትን ምን እላታለሁ? ልጄ ጥርስ አበቀለች እኮ! አባቷን ስታየኝ ልትሸሽ ነው!

[ኢዘዲን የአራት ልጆች አባት ነውና ጨከን ማለት አቃተው። መሳቢያውን በቁልፍ ከፍቶ ሌላ ቡናማ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።]

ኢዘዲን፦ ሁለት መጣ ልልህ ነበር። አንዱን አውቶቡሱ አመጣ። አንዱን ሾፌሩ ዐወድ በጭነት መኪናው አመጣ። ቶንጎዎች ክረምት ክረምት ሁልጊዜ ሁለት አድርገው በሁለት መኪና ነው የሚልኩት፤ አንዱ ጭቃ ቢይዘው አንዱ ይደርሳል።

በኃይሉ፦ [ብድግ ብሎ] ማነው እንዲህ ያለ ብልህ ሰው? ግንባሩን ልስመው!

ኢዘዲን፦ አንተ ነህ። እዚያ እያለህ ያስተማርካቸው። አንተ ረስተሃል፣ እነሱ አልረሱም።

[በኃይሉ የራሱን ግንባር መሳም አልቻለም። ዲስኳን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጠ። ኮምፒውተሩ ፊት ቆመ። ድራይቩ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ጠበቀው።]

በኃይሉ፦ ኢዘዲን... ማንጎው ሥር ያለችው... ብናደርቃት?

ኢዘዲን፦ ዳክዬ ናት እንዴ?

በኃይሉ፦ በዚህ ከተማ አንዲት ድራይቭ ጠፍታ ልቅር? አንዲት!

ኢዘዲን፦ መለዋወጫ ብለው የላኩት አንድ አለ፤ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ነው። ደብዳቤህ ሳይመጣ የገባ ነው። ይግባ ብሏል እንጂ... ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ አይግባ ብሏል እንጂ ይውጣ አላለም ብዬህ የለ?

በኃይሉ፦ አምጣ! አምጣ የኔ ወንድም!

ኢዘዲን፦ [መዝገቡን ገልጦ] ፈርም።

[በኃይሉ አላነበበም። ቢያነብ ኖሮ «ይህን ንብረት ተረክቤያለሁ፤ እስክመልስ ድረስ በስሜ ነው» የሚለውን ያይ ነበር። ፈረመ። ድራይቩን ገጠመ፤ በችኮላ ሁለት ብሎን ጣለ፤ ኢዘዲን ከወለል እየለቀመ አቀበለው። ዲስኳ ገብታ ጥቂት አጉረመረመችና ሁለቱ ዓመት ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ማተሚያው እየጮኸ አወጣው። በኃይሉ ወረቀቱን ይዞ በረረ። አሥር ሰዓት ሲሆን በሩን በትከሻው ገፍቶ ተመለሰ፤ ሠናይት ከኋላው ናት።]

በኃይሉ፦ ተፈቀደልኝ! ኢዘዲን፣ ተፈቀደልኝ! ነገ በሌሊት መኪና ውልቅ ነው!

ሠናይት፦ የመልቀቂያው ቅጽ ከተፈረመ ነዋ። ሁሉም ክፍል ፈርሞለታል፤ የቀረው ንብረት ክፍል ብቻ ነው። ቶሎ በሉ፣ የሚያጸድቀው ኃላፊው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለመስክ ይወጣል፤ የሚመለሰው በወሩ ነው።

[ቅጹን ለኢዘዲን ሰጥታ ሄደች። ኢዘዲን መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደ።]

ኢዘዲን፦ በስምህ አንድ ንብረት አለ። ፍሎፒ ድራይቭ፣ አንድ።

በኃይሉ፦ እሱ ነው እንዴ! አሁን በደቂቃ! [ድራይቩን ፈትቶ አቅፎ መጣ] ይኸው፣ ተረከበኝ።

ኢዘዲን፦ አልረከብም።

በኃይሉ፦ ለምን?

ኢዘዲን፦ [በሩ ላይ ያለውን ደብዳቤ እያሳየ] «ወደ ንብረት ክፍል አይገባም፤ የተረከበ ሠራተኛ በኃላፊነት ይጠየቃል።» እኔ የልጆች አባት ነኝ። ኃላፊነት እፈራለሁ።

በኃይሉ፦ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ! ልቅደደው!

ኢዘዲን፦ ማኅተም አለው። ደብዳቤ የሚሻረው በደብዳቤ ነው። ወረቀት ልስጥህ?

በኃይሉ፦ ስጠኝ! [ድራይቩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ቆሞ እየጻፈ] «ፍሎፒ ድራይቭ... ለቢሮው... ያስፈልጋል።» በቃ?

ኢዘዲን፦ አረጀ ተብሎ ነበር።

በኃይሉ፦ [እየጻፈ] «ቢያረጅም... ያስፈልጋል።»

ኢዘዲን፦ ለወረዳዎች ጨምርበት። አንገትህ ነገ ደብረ ማርቆስ ሊሄድ ነው፤ እነሱ እዚህ ናቸው።

በኃይሉ፦ [ጥርሱን ነክሶ] «ለወረዳዎች... በጣም... ያስፈልጋል።» ይኸው! አሁን መልቀቂያዬን ስጠኝ!

[አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ውጭ የኃላፊው መኪና ሞተሯን አስነሥታለች። በኃይሉ በአንድ እጁ ድራይቩን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል፤ በሌላው ቅጹን ይጎትታል። ኢዘዲን ግን ቅጹን አለቀቀም፤ ቀስ ብሎ ቅድም እርሳስ የነካውን የመዝገቡን ጠርዝ ገለጠ።]

ኢዘዲን፦ ቆይ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቅድም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ናቸው» አልከኝ። ይኸው ጽፌዋለሁ። ወረቀቱን አየሁት፣ በእጄ ነው። ሌላውን ከዚያ ወዲህ ስፈልግ ቆየሁ።

በኃይሉ፦ [ድራይቩን ይበልጥ እየጨመቀ] ኢዘዲን፣ መኪናው እየወጣ ነው! ልቀቅ!

ኢዘዲን፦ ኸላስ፣ በቃ፣ አገኘሁት። የያዝከውን ልቀቅና ደብዳቤህን ፈርም።