ባሕር ናት፣ ተራራ ናት

ስለ ሴት ልብ አብዝቶ የሚያስረዳችሁ ወንድ ካጋጠማችሁ፣ ሚስቱ ለምን እንዳኮረፈች ጠይቁት። እስካሁን እያጣራ ነው።

ይህን የምለው ባለፈው ዓርብ እዚህ ሰው አገር፣ ካርቲየ 1 ሰፈር ባለው አዳራሽ የሆነውን አይቼ ነው። ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ወይንሸት የምትባል የአገራችን ልጅ፣ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏን አስመረቀች። ስለ ሴቶች የውስጥ ኑሮ ነው። እኔ ብዙ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ የተጠራሁት አዛውንት ይመርቅ ተብሎ ነው። መርቄ፣ አሜን ተብሎልኝ፣ ማራገቢያው ሥር አረፍ አልሁ።

ወይንሸት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ማዳም የፈቀደችልኝ እስከ መግሪብ ሶላት ነው። አንዲት ግጥም ብቻ ለእህቶቼ ባነብላቸው ይበቃኛል።»

እህቶቼ ያለቻቸው ከኋላ የተቀመጡትን ነው። እንደሷው ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ የነሱም ፈቃድ እስከዚያው ነው።

መድረክ መሪው ተነሣ። የዕለቱ ጫት ከገባ ቆይቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል። ጫት የያዘ ሰው ላይ ማይክ ሲጨመርበት እንግዲህ ታውቁታላችሁ… «ሴት ባሕር ናት» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው ተናጋሪ «የለም፣ ሴት ተራራ ናት» አለ። ሦስተኛው ሁለቱን ሊያስታርቅ ተነሣ። እርቁ ረጅም ነበር።

«ልጄ፣ ደራሲዋ ታንብብ እንጂ» አልሁ ከተቀመጥሁበት።

«እንደርሳለን አባባ። መጀመሪያ አድማጩ ይዘጋጅ።»

ስንዘጋጅ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ወይንሸት ቦርሳዋን አነሣች፤ ሴቶቹም ተከትለዋት ወጡ። እኔም ልሸኛቸው ወጣሁ። ሚኒባስ እስኪመጣ ግድግዳ ተደግፋ መጽሐፏን ገለጠች።

«የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በእጄ፣
የኔ የምለው በር የለኝ…»

እያለች እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ማንም አላጨበጨበም። አንዷ ብቻ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አንቺ፣ የኔን ነገር ማን ነገረሽ?» አለቻት። ወይንሸት ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ሚኒባሱ መጣና ይዟቸው ሄደ።

ወደ አዳራሹ ተመለስሁ። አንዲትም ሴት የለችም። ውይይቱ ግን ይበልጥ ደምቋል፤ ባሕሩና ተራራው ገና አልታረቁም። መድረክ መሪው ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«አባባ፣ በሰዓቱ መጡ! አሁን ትልቅ ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ማጽደቃችን ነው። ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ውይይት ሲኖር፣ ሴቶችም ቢጋበዙ መልካም ነው ብለናል።»