"ይደገም" ማለት ይደገም ነው

ሰው ተሰብስቦ በሚበተንበት ቦታ ሁሉ፣ ሰው እንዳይበተን የሚያደርግ አንድ ሰው አይጠፋም። አጀንዳው አልቆ፣ ጸሎቱ ተዘግቶ፣ ግማሹ ሰው ቦርሳውን አንግቦ ሲነሳ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ብድግ ይላል፦ "አንዲት ነገር ብቻ!" እናንተም ታውቁታላችሁ። በእናንተ ሰፈር ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል። ቀበና ባለው የእነዶርቃ ቤተ ክርስቲያን ግን ስማቸው ክቡር ጋሽ ዋቅቶላ ነው፤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም፣ የሽማግሌዎች ጉባኤ አባል፣ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ።

ጋሽ ዋቅቶላ ያልጨመሩበት ነገር የለም። በሠርግ ቀን ኬኩ ተቆርሶ ሙሽሮቹ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ በር ላይ አስቁመው ስለ ትዕግሥት ሦስት ነጥብ ጨምረዋል። በቀብር ቀን ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው እሳቸው እስኪጨርሱ ጠብቀዋል። እንጦጦ ጫካ ለጸሎት ተወጥቶ፣ የመጨረሻው አሜን ተብሎ፣ ዝናቡ ከራጉኤል በኩል እያጉረመረመ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ሊሮጥ አንድ እግሩን እንዳነሳ እሳቸው ጨመሩ። በዚያ ሳምንት መዘምራኑ በሙሉ ጉንፋን ይዟቸው ዝማሬ አልነበረም። ከታክሲ ከወረዱ በኋላ እንኳ በሩን ይዘው "ሹፌር፣ አንዲት ነገር ብቻ፤ ፍሬንህ ድምፅ አለው" የሚሉ ሰው ናቸው። ፍሬኑ ድምፅ እንደነበረው ግን ሹፌሩም አልካደም።

ፒያኖ ተጫዋቿን ዶርቃን ከኚህ ሰው ጋር ያቆራኛት ቁልፍ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ውስጥ ያለው ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ደህና ፒያኖ ያለው ቀበና አዳራሹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በታክሲ እየተጋፋች መጥታለች፤ ጋሽ ዋቅቶላም ከፍተውላታል። ችግሩ፣ ከከፈቱ በኋላ አይሄዱም። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። "ቁልፍ ይዤ የት እሄዳለሁ?" ይላሉ። ፒያኖው ሰማንያ ስምንት ቁልፍ አለው፤ የሁሉም አዛዥ ዶርቃ ናት። የእሳቸው አንዷ ቁልፍ ካልተገኘች ግን አንዱንም አትነካውም።

ባለፈው ኅዳር ዶርቃ በዚሁ አዳራሽ ብቻዋን ለምትጫወትበት የመጀመሪያ ኮንሰርቷ ቀን ተቆረጠ። እስከዚያ ሌሎችን ስታጅብ ነው የኖረችው፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰዎችም "የቸርች ኪቦርዲስቷ" ነው የሚሏት። ይህ ስም አንጀቷን ያሳርረዋል። ስለዚህ ለመጨረሻ፣ ሰው አጨብጭቦ "ይደገም!" ሲል የምትጫወተውን፣ እነሱ አንኮር የሚሉትን፣ መረጠች፤ ጣት የሚያሳብድ ፈጣን ሥራ። ያቺን ሰምቶ ኪቦርዲስት የሚላት ካለ ይውጣና ያሳየን!

አንድ ጠዋት ስትለማመዳት ጋዜጣው ከኋላ ተንኮሻኮሸ።

"ይህቺ ፈጣኗ በፕሮግራሙ አለች?"

"የለችም፣ ጋሼ። ሰው 'ይደገም' ካለ ነው የምጫወታት።"

"ቀድመሽ ተጫውተሻት ነው?"

"ኧረ አልተጫወትኳትም።"

"ታዲያ ምኑ ነው የሚደገመው?" ጋዜጣቸውን አጠፉ። "ልጄ፣ 'ይደገም' ማለት ይደገም ነው። አዲስ ከሆነማ 'ይጨመር' ይባል ነበር።"

ዕድሜ ልካቸውን ሲጨምሩ የኖሩ ሰው ዛሬ መጨመርን ሲቃወሙ! ዶርቃ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቷ። እሳቸው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አለቀቋትም። "ያቺን የፕሮግራሙን ሦስተኛ ድገሚያት፣ ዝግ ያለችውን" ይሏታል በመጡ ቁጥር።

ሦስተኛዋን! ሌላ ጠፍቶ? ሦስተኛዋ መሐል ላይ ግራ እጅ በቀኝ ላይ ተሻግሮ ከፍ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ አለ። ዶርቃ የተመረቀች ዕለት፣ በፈታኞቿ ፊት፣ እዚያ ቦታ ላይ ጣቷ ከድቷታል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እዚያው ትሰናከላለች፣ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ትጀምራለች። በሰው ፊት አንዴ በሰላም ካለፈቻት ስለት አላት፤ ሁለቴማ ማን ሞኝ አለ?

ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ዓርብ ጋሽ ዋቅቶላ በሩ ላይ ጠበቋት። "አንዲት ነገር ብቻ ልበልሽና..."

"ጋሼ፣ ታክሲ ያመልጠኛል!" አለችና ጥላቸው ወጣች። ፈጣኗን ነው የምትጫወተው። አለቀ፣ ደቀቀ!

እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሁለተኛው ረድፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ ሁለተኛው ሥራ ደህና ሄደ። ሦስተኛዋ ላይ ግራ እጇ ተሻገረ፣ የማይሆን ቦታ አረፈ፣ ዜማው ተቋረጠ። ከኋላ አንዲት እናት "ኢየሱስ!" ብለው አገዟት። ዶርቃ ቀጠለች፤ ነገር ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ሲል አይታለች።

ፕሮግራሙ አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ዶርቃም እጅ ነሳች። አሁን "ይደገም!" ይባላል ብላ ስትጠብቅ፣ መድረክ መሪው ኤልቃና "በጸሎት እንዝጋ" አለና ዘጋ። የመዘምራን አለቃ ነዋ! እሱ የሚያውቀው መዝጊያ ይኼው ነው። በዚህ አዳራሽ አሜን ከተባለ ደግሞ አለቀ ማለት ነው፤ ሰው ጃኬቱን መፈለግ ጀመረ። ዶርቃ ፈጣኗን በጣቷ እንደያዘች ፒያኖው አጠገብ ቀረች። ስድስት ዓመት የለፋችበት ቀን በዚያች ስህተት ሊታወስ ነው። እንባዋ መጣ።

"አንዲት ነገር ብቻ!"

አዳራሹ በአንድ አፍ "ኡፍ!" አለ። ከልማድ ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

"ሦስተኛዋ ትደገም" አሉ ጋሽ ዋቅቶላ ቆመው።

"ጋሼ፣ አሜን ብለናል እኮ" አለ ኤልቃና።

"አሜኑንም እንደግመዋለን።"

ዶርቃ ደሟ ፈላ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለዚያውም ሦስተኛዋን? ተቀመጠች፤ እጇን ለፈጣኗ አዘጋጀች፤ ከዚያ ወደ ኋላ አየች። መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ የዘወትር ቦታቸው ላይ፣ ቁልፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ያው የየጠዋቱ አዳራሽ ነው። እጇን አነሳችና ሦስተኛዋን ጀመረች። እልህም ነው፣ ሌላም ነገር ነው። እዚያ ቦታ ስትደርስ ትንፋሿን አልያዘችም። ግራ እጇ ተሻገረ፣ አረፈ፤ ልክ ቦታው ላይ።

ስትጨርስ እኚያ እናት እልልታቸውን አቀለጡት። ሁለተኛው ረድፍ ቆሞ አጨበጨበ። ፈጣኗን ከጋሽ ዋቅቶላ በቀር እስከ ዛሬ ማንም አልሰማትም።

ሰው ከወጣ በኋላ ጋሽ ዋቅቶላ በሩን ሲቆልፉ ዶርቃ አጠገባቸው ቆመች። "ጋሼ፣ ለምን ሦስተኛዋን አሉ? እንደምሳሳት እያወቁ?"

"ስድስት ዓመት ሰምቼሻለሁ" አሉ። "በመጀመሪያው አንድ ቀን ተሳክቶልሽ አያውቅም። በሁለተኛው ደግሞ አንድ ቀን ተሳስተሽ አታውቂም። ዓርብ ልነግርሽ ነበር፤ ታክሲ ያመልጠኛል አልሽ።"

በስንት ዓመቷ፣ ማንም ሰው ለኚህ ሰው አቅርቦት የማያውቀውን ጥያቄ አቀረበች። "ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ?"

ጋሽ ዋቅቶላ አሰቡ። "የለም" አሉ።

ዶርቃ ደነገጠች። አሟቸው ይሆን ብላ ክንዳቸውን ይዛ እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው። ገብተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ታክሲው መንቀሳቀስ ጀመረ። ያኔ መስኮቱ ተከፈተና አንድ እጅ ብድግ አለ።

"ዶርቃ! አንዲት ነገር ብቻ!"

ዶርቃ በኮንሰርት ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ሮጠች። "ሹፌር፣ ቁም! ቁም እንጂ! ጋሼ አልጨረሱም!"