ሠላሳ ክሬዲት ለቮንድራ ቤተሰብ

ለታሪክ እንዲመዘገብ ያህል፣ በቤታችን የተካሄደውን የቅድመ ኮሌጅ ክሬዲት ማስገኛ ንቅናቄ በማቀድ፣ በመምራት፣ በመከታተልና በመገምገም የላቀውን ድርሻ የተወጣሁት እኔ ነኝ። ስሜ ዴል ቮንድራ ይባላል። በወረዳችን የመንገዶች ጽሕፈት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ፤ በዚህ የነብራስካ ጥግ ያለ እኔ ፊርማ ከጠጠር መንገድ ሥር አንድ የውሃ ቱቦ እንኳ አይቀበርም። ይህን የምጠቅሰው ለጉራ አይደለም። ለጉራ ቢሆን ኖሮ የምስጋና ወረቀቶቼንም እዘረዝር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ወር፣ ልጃችን ብሪን ከቤታችን የአርባ ደቂቃ መንገድ ላይ ባለው ኮሌጅ ተቀባይነት ማግኘቷን የሚገልጽ ደብዳቤ በደረሰን ዕለት ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ሮዝ ወረቀት ተያይዟል። አዲስ ገቢ ተማሪዎች ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በአምስት ትምህርቶች መፈተን ይችላሉ፤ ያለፈ ትምህርቱን ተቀምጦ እንደተማረ ተቆጥሮለት ለእያንዳንዱ ስድስት ክሬዲት ይያዝለታል፤ አምስቱንም ያለፈ ሠላሳ ክሬዲት ያገኛል ይላል። ሠላሳ ክሬዲት ማለት አንድ ሙሉ ዓመት ነው። የአራት ዓመቱ ትምህርት በሦስት ዓመት አለቀ ማለት ነው። ሌላ አባት ቢሆን ወረቀቱን አንብቦ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። እኔ ኮሚቴ አቋቋምኩ።

ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት። ሊቀመንበር እኔ፤ ጸሐፊና ጥያቄ አንባቢ ባለቤቴ ሮንዳ፤ የዕቅዱ ተጠቃሚ ብሪን። ተጠቃሚዋ በምሥረታው ላይ ሐሳቧን አልተጠየቀችም። ተጠቃሚን መጠየቅ ሥራ እንደሚያጓትት ከመንገድ ሥራ ልምዴ አውቃለሁ።

አርአያ ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ጎረቤታችን ላሪ ስቴንገር በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኮላች የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ እየገመጠ ልጁ ኮሌጅን በሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንደጨረሰ ይነግረናል። ሌላው ተማሪ ገና ሲንገላታ የላሪ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ቤቱ ገብቷል። አሁን የት እንደሚሠራ ስጠይቀው ላሪ ትንሽ አሰበና በቤታቸው ምድር ቤት እንደሚተኛ ነገረኝ። የልማት ጉዞ በየደረጃው ነው ብዬ አልተጫንኩትም።

አሠራራችን ዘመናዊ ነበር። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካርድ ገዛሁ፤ በፊቱ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ የተጻፈበት። ከእራት በኋላ ሮንዳ ሳህን እያጠበች፣ ካርዱን የቧንቧው ራስ ላይ እያስደገፈች ታነባለች፤ ብሪን ትመልሳለች፤ እኔ አመራር እሰጣለሁ። አመራር መስጠት ቀላል የሚመስለው ሰው አለ። መልሱን ሳያውቁ መልሱ ትክክል መሆኑን በራስ ነቀነቃ ማረጋገጥ ምን ያህል አንገት እንደሚያደክም የሚያውቀው የሠራበት ብቻ ነው።

«ሚቶኮንድሪያ ምን ይሠራል?» ትላለች ሮንዳ።

«ለሴሉ ኃይል ያመነጫል» ትላለች ብሪን።

«ጥሩ፤ ግን ጠለቅ ብለሽ አብራሪው» እላለሁ እኔ። ምኑን እንደምታብራራው እግዜር ያውቃል።

አንዳንዴ ብሪን ዝም ስትል ሮንዳ ካርዱን ሳትገለብጥ መልሱን ትለዋለች። ከንባብ ብዛት የመጣ ነው ብዬ አለፍኩት። የጸሐፊን ዕውቀት የመመዝገብ ልማድ በመሥሪያ ቤታችንም የለም።

በየሳምንቱ መጨረሻ የተጠቃሚዋን አፈጻጸም በቀለም ሥዬ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፋለሁ። አረንጓዴው ያለፈችበት፣ ቀዩ የወደቀችበት ነው። ብሪን አንድ ቀን ቀስ ብላ መጣችና ጓደኞቿ ወተት ሊያወጡ ሲሉ ስለሚያነቡት ባነሳላት ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። ግልጽነት የመልካም አስተዳደር መሠረት መሆኑን አስረዳኋት። በዚያው ሳምንት የሶፍትቦል ጨዋታ ቡድኗን ጉዞ ሰረዝን። ሰረዝን ያልኩት በትሕትና ነው፤ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የትምህርት ዝግጅት አንድ ቃል ማለት ተገቢ ይሆናል። በዚያው ኮሌጅ በወጣትነቴ ለአሥራ አንድ ሳምንት ያህል ከፍተኛ ትምህርት ተከታትያለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በቤተሰብ ጉዳይ ወደ ቤት ተመለስኩ። የቤተሰቡ ጉዳይ እናቴ ስለናፈቀችኝ ነበር።

ዕቅዱ ላይ ያልተጻፈ ሌላም ነገር ነበር። ብሪን አንድ ልጃችን ናት። እራት ላይ ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ ቀልዴ የማያስቅ ሲሆን ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ሳላይ ያደርኩት ምሽት በጣት ይቆጠራል። አራት ዓመት ወንበሯ ባዶ ሊሆን ነው። ሦስት ከአራት ያንሳል። ወጪ ቁጠባ፣ ተወዳዳሪነት፣ የዘመኑ የሥራ ገበያ እያልኩ ስደሰኩር የከረምኩበት ዕቅድ ጥናታዊ መሠረቱ ይኸው ብቻ ነበር። ልጄ ልትናፍቀኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ይህን የሚሞሉበት ሣጥን ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አላገኘሁም።

በሰኔ ወር አዲስ ገቢዎች ኮሌጁን በሚጎበኙበት ቀን ፈተናው ተሰጠ። ብሪንን አዳራሹ በር ድረስ ሸኝቼ የስንብት ንግግር አደረግሁላት፤ ከኋላዋ የነበሩት አሥር ያህል ልጆች ሳይወዱ በግድ አዳመጡኝ። ሮንዳ ጉዳይ አለኝ ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደች። እኔ ለወላጆች በተዘጋጀው «ልጅን በሰላም መሸኘት» በሚል ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። መሪዋ ሴትዮ መሃረብ እያደለች ስለ መለየት ብዙ ጠቃሚ ነገር ተናገረች ይባላል። እኔ የሦስቱን ዓመት የጊዜ ሰሌዳ እየነደፍኩ ስለነበር አልሰማኋትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለብሪን ደብዳቤ መጣ። ከፍታ አነበበችውና ራሷ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። በእያንዳንዱ ፈተና ስድሳ ጥያቄ አለ፤ ማለፊያው አርባ ነው። በታሪክ ሠላሳ ዘጠኝ። በሥነ ሕይወት ሠላሳ ዘጠኝ። በአልጀብራ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በስፓኒሽ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ወዲያው ግን ሃያ ስድስት ዓመት ያካበትኩት የአመራር ብስለት ደረሰልኝ። አምስት ጊዜ በአንድ ነጥብ መውደቅ ውድቀት ሳይሆን በደል ነው፤ በደል ደግሞ ይግባኝ አለው። «ለተከበረው ኮሌጅ፣ ለሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ሁሉ» የሚል ባለ ዘጠኝ ገጽ ይግባኝ ጻፍኩ። ብሪን ተወው አለችኝ። ሮንዳም ተወው አለችኝ፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ። የሥር መሠረቱን ያልተረዳ ሰው ሁልጊዜ ተወው ይላል። ሁለቱንም የልዑካን ቡድን አባል አድርጌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው።

የፈተናው ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ ፕሩዊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀበሉን። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ከዓለም አቀፍ ተሞክሮ አንጻር» የሚለው ጋ ስደርስ መነጽራቸውን አውርደው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ።

«ቮንድራ» አሉ። «አዎ፣ አለች። አምስቱንም አልፋለች፤ ሠላሳ ክሬዲት ተመዝግቦላታል። ይግባኝ የሚሉት በምኑ ላይ ነው?»

ዘጠኙን ገጽ አጥፌ ደረቴን ነፍቼ ወደ ልዑካኑ ዞርኩ። አላልኳችሁም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ብሪን እናቷን ታያለች። ሮንዳ ምንጣፉን ታያለች።

«ሮንዳ የምትባለዋ የትኛዋ ናት?» አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቴ፣ እንደ ተማሪ እጇን አውጥታ።

በዚያው በሰኔው ቀን፣ እኔ ልጅን በሰላም በምሸኝበት ሰዓት፣ ሮንዳ በዕድሜ ገፍተው ትምህርት ለሚጀምሩ ተማሪዎች የተዘጋጀውን ያንኑ ፈተና በሌላው ሕንፃ ስትፈተን ነበር። በጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ እያነሳች ሃያ ዓመት የኖረች ሴት!

«ስድስት ወር አነበብኩት፣ ገባኝ» አለችኝ። «ምን ላድርግ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማቀዝቀዣው ላይ እንዳትለጥፈኝ።»

ወደ ዋናው አጀንዳ ተመለስኩና የብሪን የመልስ ወረቀት በድጋሚ እንዲታይ ጠየቅሁ። ወይዘሮ ፕሩዊት መጀመሪያ ብሪንን ላሳያቸው ወይ ብለው ጠየቋት። ብሪን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አምስቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ። በአምስቱም ላይ ከአንድ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ከአርባ እስከ ስድሳ ያለው ሁሉ ስህተት ነው።

«አቶ ቮንድራ» አሉ ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዐይኑን ጨፍኖ ምርጫውን የሚያጠቁር ሰው እንኳ ከሃያ አንዱ አራት አምስቱን ያገኛል። ሃያ አንዱንም አንድ በአንድ ለመሳት መልሱን አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ እዚህ ስሠራ እንዲህ ያለ ዕውቀት አይቼ አላውቅም።»

«አውቀሽ ነው?» አልኳት ልጄን።

«አውቄ ነው አባዬ።»

«ምነው?»

«አለፍኩ ማለት አንድ ዓመቴ ተቀነሰ ማለት ነዋ። እኔ አራቱንም ነው የምፈልገው። ከሁሉም ጋር ከመጀመሪያው ክፍል መጀመር ነው የምፈልገው። ይሄን ስንት ጊዜ ልነግርህ መጣሁ፤ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነህ።»

«ታዲያ ሠላሳ ዘጠኝ ምን ይሉታል? ዜሮ አታመጪም ነበር?»

ብሪን ወረቀቶቹን ሰብስባ ደራረበቻቸው። «አላወቀችም ብለህ እንድታዝን አልፈለግኩም» አለች። «የደከምክበት እንዲታይ ብዬ ነው።»

አንጀቴን በላችው። ሆኖም ሊቀመንበር ነኝና ከወጪ ቆጣቢነት አንጻር፣ ከተወዳዳሪነት አንጻር ብዬ ጀመርኩ። ሮንዳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዴል፣ ንገራት» አለች።

እሷ እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ የለም። ዘጠኙን ገጽ እያሻሸሁ፣ አንድ ዓመት ቀድመሽ እንድትመጪልኝ ብዬ ነው፣ ትናፍቂኛለሽ ብዬ ነው አልኳት። ለመጨረስ አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ወይዘሮ ፕሩዊት መነጽራቸውን አወለቁና የሚጠርጉበት ነገር መፈለግ ጀመሩ።

«ጥር ላይ ይሄን ብትለኝ ኖሮ» አለች ብሪን፣ «በየእሑዱ እመጣልህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ጥያቄህ ተመዝግቧል» አለችኝ ልጄ። «ለሚመለከተው ክፍል ቀርቦ ይታያል።»

ነሐሴ ላይ ሁለቱንም በአንድ መኪና አደረስኳቸው። ብሪን የማደሪያ ክፍሏን ያዘች። ሮንዳ ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ምሽት ትማራለች፤ በሠላሳው ክሬዲት የተነሳ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ብሪን እናቷ አብራት ክፍል እንዳትገባ ሰግታ ነበር፤ እናቷ አንድ ዓመት ስለምትቀድማት ሥጋቱ በአስተዳደራዊ መንገድ ተፈታ። በእነዚያ ሁለት ቀናት እራታቸውን በተማሪዎች ምግብ ቤት አብረው ይበላሉ።

የዕቅዱን ማጠቃለያ ሪፖርት ጽፌ ጨርሻለሁ። ለቤተሰቡ ሠላሳ ክሬዲት ለማስገኘት ታቅዶ ሠላሳ ክሬዲት ተገኝቷል፤ አፈጻጸም መቶ በመቶ። ሪፖርቱን ለማጸደቅ ባለፈው ማክሰኞ ከእራት በኋላ የኮሚቴውን መደበኛ ስብሰባ ጠራሁ። በቦታዬ ተቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ተሰብሳቢዎችን ቆጠርኩ። ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ተበተንኩ።