ወረቀቱ ላይ የሌለውን መጠጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ አንፎሎው አታደርጉኝም አይደል? መጀመሪያ ማሉልኝ!

እንደምታውቁት (ስንቴ ነገርኳችሁ!) ካውንስሊንግ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ሰኞ ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ልምምድ እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ሰውን በኑሮው ስላለመመዘን ሥልጠና ውሰዱ ተባልን። እኔ በሆዴ «ይሄ ለሌሎቹ ነው» ብያለሁ።

ጠዋት መምህርታችን የአንድ ሰው ታሪክ ሰጡን። ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ መሐንዲስ። እንቅልፍ አጥቷል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ሥራ ቦታ ይጣላል።

አንጀቴን በላው። «የሥራ ጫና ነው፤ ቀስ ብሎ ማነጋገር» ብዬ ጻፍኩ።

ከምሳ በኋላ የሌላ ሰው ታሪክ መጣ። ባምቢስ አካባቢ የፓርኪንግ ሠራተኛ።

«ሳይጠጣ አይቀርም። ጫትም ይጠየቅ። ሊማታ ስለሚችል በሩ አይዘጋ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄን አውጥቼ ሁለቱንም ጮክ ብዬ አነበብኩ! በኮንፊደንስ!

«መጠጡን የት አገኘሽው?» አሉ መምህርታችን። «እስቲ ወረቀቱ ላይ አሳዪኝ።»

ፈለግኩ። ገልብጬ ሁሉ ፈለግኩ!

የለም።

ሁለቱ ወረቀቶች ከሥራው በቀር ቃል በቃል አንድ ናቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ለማስመሰል አብሬ ሳቅኩ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ቤቲ ግን አልሳቀችም። (ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ ስሟንም ቀይሬዋለሁ።) እረፍት ላይ ተከትያት ወጣሁ።

«አባቴ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው» አለችኝ። «እንቅልፍ ካጣ ሦስት ወሩ። ክሊኒክ እንሂድ ብዬ ስለምነው ምን ይለኛል መሰለሽ? ‹ሰካራም ነው ብለው ይመልሱኛል።›»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ!

ዓመት ሙሉ አጠገቧ ስቀመጥ አባትሽ ምን ይሠራሉ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ! ሰው ላዳምጥ የምማረው!

«ይቅር በይኝ፣ ጥፋቴ ነው» አልኳት።

«ሌሎቹም እኮ እንደዚያው ጽፈዋል። ያነበብሽው ብቻ አንቺ ነሽ» አለችና ፈገግ አለች። «ሰኞ አባቴን ክሊኒኩ ይዤው እመጣለሁ። የሚያዩት መምህርታችን ናቸው፤ በር ላይ የምትቀበይው ግን አንቺ ነሽ። እሺ?»

እሺ እንጂ! እንባዬ መጣ።

መምህርታችን፣ ስላጋለጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። ቤቲዬ፣ አንቺንማ በምን ቃል ላመስግንሽ። ስህተቴ ወረቀት ላይ በመሆኑም ተመስገን ነው፤ ሰው ላይ ቢሆን ኖሮስ?

አሁን ሰላምታዬን መስታወት ፊት እየተለማመድኩ ነው። «እንኳን ደህና መጡ አባባ፣ ይግቡ።» አፌ ጎበዝ ነው፣ አያሳፍረኝም። እሳቸው ግን የሚያዩት ፊቴን ነው።

እስከ ሰኞ ፊቴን ማን ያሠልጥንልኝ?