የወይዘሮ ሸዋገነት «ቀንስ!»

በየሰፈሩ ዋጋ ሲነገረው የተሰደበ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ኮልፌ ላይ ይህን ከፍተኛ ሹመት ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሸዋገነት ነበሩ፤ የአንዲት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ፈታይ። ነጋዴ «ሁለት ብር» ሲላቸው ደረታቸውን ይይዛሉ። «መጨረሻው ነው» ካለማ ሰላምታ እንደሰጣቸው ሁሉ ወዲያው «ቀንስ!» ይላሉ።

ባለሱቁ ከሊፋ አንድ ቀን ሲመጡ አይቶ ባንኮኒው ሥር ቢደበቅ፣ ደጅ ቆመው ተከራክረው አንድ ሻሽ በግማሽ ዋጋ ወስደዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ የሬሳ ሳጥኑን ዋጋ ሰምተው «ተበልታችኋል!» በማለታቸው፣ ሐዘንተኛው ሟቹን ለጊዜው ረስቶ ስለ አናጢው ማውራት ጀመረ።

ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበሩ ለደመወዝ ድርድር ሲጠራ፣ ጸሐፊው ፈቀደ «ከእሳቸው ሌላ ማን አለን?» ብሎ አስመረጣቸው። የስልሳ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ አንድ ብር ነበር፤ የሚፈልጉት ሃያ አምስት ሳንቲም ጭማሪ ነው። አንዴ የተፈረመ ስምምነት ሁለት ዓመት አይነካምና፣ ነገሩ ቢበላሽ ስልሳው ሰው የሚይዘው ፈቀደን ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጉልላት ስለ አገር ኤኮኖሚ ረጅም ንግግር አደረጉ። ደመወዝ ከጨመረ ብርድ ልብሱ ይወደዳል፣ ገዢ ይሸሻል፣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ አገር ይደኸያል። ፈቀደ በሐሳቡ አገሪቱን ቀብሮ ሊመለስ ሲል ወይዘሮ ሸዋገነት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ እኛስ ገዢ አይደለንም? ብርድ ልብስ ስንሠራ ውለን ነጠላ ለብሰን ነው የምንተኛው። ይጨምሩልንና እኛው እንግዛዎት።»

አቶ ጉልላት አምስት ሳንቲም አሉ፤ ቆይተው አሥር አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲጓተቱ ቆይተው ሰውየው ደከማቸውና ጠረጴዛውን መቱ።

«ሃያ አምስት! መጨረሻው ነው!»

«ቀንስ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት።

ፈቀደ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን ገዢ እንጂ ሻጭ ሆነው አያውቁም፤ የዛሬው ዕቃ ደግሞ የራሳቸው ጉልበት ነበር። አቶ ጉልላት «አንተ» መባላቸውን እንኳ ይቅር ብለው ፈገግ አሉ። «ይጻፍ! ተወካይዋ ራሳቸው ቀንስ ብለዋል!»

«እንዴ! ሰዓቱን ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት። «ሃያ አምስቷን ተቀብለናል። ግን ከሥራ የምንወጣው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው፤ ገንዘቡን የት ወስደን እናጥፋው? ካልተገዛበት ያ ኤኮኖሚ ያሉት ነገር በምን ይቆማል?»

አቶ ጉልላትን «እሺ፣ ሩብ ሰዓት» የሚል አመለጣቸው።

«ግማሽ!»

ሃያ አምስት ሳንቲም ጭማሪና ግማሽ ሰዓት ቅናሽ ተብሎ ተፈረመ።

ደጅ እንደወጡ ወይዘሮ ሸዋገነት ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። «ፈቀደ ልጄ፣ አፌ ጉድ ሊሠራኝ ነበር እኮ! አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር።» ፈቀደ እኚህን አስቸጋሪ ሴት እንደዚያን ቀን ወዷቸው አያውቅም።

በር ላይ የሚጠብቀው ሠራተኛ ወሬውን ሲሰማ እልልታውን አቀለጠው። ሰብሌ የምትባል ፈታይ ተንደርድራ አቀፈቻቸው። «እትዬ፣ ሰዓቱን ደግሞ እንዴት አሰቡት?»

«ሳምንት ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ሁሉም ወደ ፈቀደ ዞረ። በሐሰት ምሎ የማያውቀው ፈቀደ፣ «ማርያምን፣ እውነታቸውን ነው!» አለ።