የውሃ አባት ከቦዩ ሲለዩ

ጉባኤ የማያውቅ አገር ውሃውን ዝም ብሎ ይጠጣል። እኛ የወረታ ከተማ ሰዎች ከዚህ ኋላ ቀርነት የተላቀቅነው አምና በየካቲት፣ «አካባቢ፣ መልክዓ ምድርና የውሃ አጠቃቀም ባህል፦ ከትናንት ወደ ነገ» የተሰኘው ታላቅ ዐውደ ጥናት ከተማችንን በረገጠ ጊዜ ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያዩበት ቦታ ባጃጆች ዳር ይዘው እስኪያሳልፉ ድረስ ነጫጭ መኪኖች ተግተልትለው ገቡ። አቧራ ለብሰው ስለነበር አዳራሹ ደጃፍ ላይ ታጠቡ። በዚያ ቀን የአንድ ሰፈር ቧንቧ ቢደርቅ ማን ያማርራል? ውሃው የሄደው ለውሃ ጉዳይ ነው።

የጉባኤው ሊቀ መንበር ዶክተር እሱባለው ይባላሉ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት በእኛው የውሃ አባት ባህል ላይ ነው። የውሃ አባት ማለት፣ ላልሰማ፣ ከርብ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች መርጠው የሚሾሙት ሰው ነው። ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ፣ ውሃው ከየትኛው ማሳ ወደ የትኛው እንደሚዞር በእሱ ቃል ያልቃል። እሱ ቦዩ ዳር ከቆመ የራስጌው ሰው የግርጌውን ውሃ አይነካም። ካልቆመ፣ ሰው ነውና ይነካል።

ዶክተሩ ከብዙ ድካም በኋላ የደረሱበት ግኝት «ሥርዓቱ የጸናው የውሃ አባት ከቦዩ ባለመለየቱ ነው» የሚል ነበር። ይህን ድንቅ ግኝት በሕያው ማስረጃ ለማቅረብም የውሃ አባቱን አያ አበረን ከቦዩ ለዩአቸው።

«ልጄ፣ ሽንኩርቱ የሚቋጥር አሁን ነው፤» ብለው ነበር አያ አበረ። «እኔ ከሄድሁ ቦዩን ማን ይይዘዋል?»

«አባታችን፣ ባህል ከሰው በላይ ነው። ያለ እርስዎም ይቀጥላል!» አሉና የመኪናውን በር ከፈቱላቸው።

አያ አበረ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ማን እንደሆኑ ሳያውቁ የኖሩ ይመስል ስማቸው አንገታቸው ላይ ተንጠለጠለላቸው። ጥናቶች ቀረቡ። አንድ ምሁር የፎገራ ሜዳ በክረምት እንደሚጥለቀለቅ፣ በበጋ እንደሚደርቅ በባለቀለም ካርታ አረጋገጡ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሌላው ውሃ ወደ ታች እንደሚፈስ አመላከቱ። አንድ ተሳታፊ ግን «ወደ ታች ሲባል ከማን አንጻር ነው?» የሚል ጥልቅ ጥያቄ ስላነሡ እስከ ምሳ ድረስ ክርክር ሆነ። በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ምሁሩ ጎንጨት ይሉና ስለ ብክነት ለመናገር ይነሣሉ፤ ሲመለሱ የትኛው የእሳቸው እንደነበር ስለሚጠፋባቸው ሌላ ይከፍታሉ።

በማግስቱ በሩ ብርግድ ሲል፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ የተለወሰ ሴት ገባች። ትርሲት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቦዩን ግርጌ ማሳ ብቻዋን የምታርስ። የልጆቿ የዓመት ኑሮ በዚያ ሽንኩርት ላይ ነው። ያን ቀን ተራው የእሷ ነበር፤ ካለፋት ደግሞ ሽንኩርቱ እስከሚቀጥለው ተራ አይቆይም።

«አያ አበረ! የራስጌው ባለ ማሳ ያየህ ውሃዬን ገደበው! ‹ተራው የእኔ ነው› ብዬ ብነግረው፣ ‹አባቱ ሲመጣ ንገሪው› አለኝ። ይነሡ እባክዎ!»

አያ አበረ ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ አባታችን፤ የእርስዎ ሰዓት ከሻይ በኋላ ነው፤» አሉ ዶክተሩ በድምፅ ማጉያው። ከዚያ ፊታቸው በራ። «እህቴ፣ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የሴቶች ተሳትፎ ጎድሎብን ነበር። እስቲ ከየት እንደመጣሽ ለቤቱ ንገሪ።»

«ከሽንኩርቴ ነዋ!»

«ግሩም! ከመስክ ማለት ነው።» ተጨበጨበ።

«ኧረ ውሃዬን ወሰደው እኮ ነው የምላችሁ!»

«ይህ እንግዲህ፣» አሉ ዶክተሩ ወደ ጉባኤው ዞረው፣ «የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ተጠቃሚዎች መስተጋብር ይባላል።»

«ያየህ ነው የሚባል!» አለች ትርሲት። «ጌታው፣ አያ አበረን ይስጡኝ። ውሃውን መልሰውልኝ ይመጣሉ።»

«እህቴ፣ ሰዓት የለንም። ጥያቄሽ ተመዝግቧል።»

ሁለት አስተናጋጆች በታላቅ አክብሮት ክንዷን ይዘው አስወጧት። ባዶ እጇን እንዳትሄድም አንድ የታሸገ ውሃ ሰጧት። ጉባኤው ለግርጌ ተጠቃሚዎች ውሃ አላዳረሰም የሚል ሐሜተኛ ካለ ይህን ይወቅ።

አያ አበረ ሊከተሏት ቢነሡ «እንግዳ ጉባኤ ረግጦ አይወጣም፤ ነውር ነው» ተባሉ። ነውር የሚያውቁ ሰው ናቸውና ተቀመጡ። ሰዓታቸውን ግን የክብር እንግዳው ንግግር በላው።

በመጨረሻ የመስክ ጉብኝት ሆነ። ራስጌ ላይ የያየህ ማሳ ረግረግ ሆኗል። ግርጌ ላይ የትርሲት ሽንኩርት ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ውሃውን ሊያስመልስላት የሄደው የባሏ ወንድም ጭንቅላቱ በዱላ ተፈንክቶ በጨርቅ ታስሯል። ዶክተር እሱባለው ደነገጡ።

«ሥርዓቱ እየጠፋ ነው!» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «ይህን ጉድ ፎቶ አንሡልኝ!»

ከዚያ ማሳ የልጆች ቀለብና ልብስ ይወጣ ነበር፤ የወጣው ፎቶግራፍ ሆነ። የአቋም መግለጫውም ወዲያው ተነበበ፦ የውሃ አባት ባህል ባልታወቀ ምክንያት በአሳሳቢ ሁኔታ እየጠፋ ስለሆነ፣ ባህሉን ለመታደግ በመጪው ዓመት ሰፋ ያለ ጉባኤ ይጠራል።

መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ገበሬዎቹ አያ አበረን ከበቧቸው።

«ምን ተባለ?»

«ስለ እኔ ብዙ ተወራ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ሰዓት አልነበረም።» አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ስማቸውን አውልቀው ጣሉት። «በዚች ሴት ሽንኩርት ፊት አፍሬአለሁ። እኔን ሻሩኝ። የውሃውን መድረስ የሚያውቅ ግርጌ ያለ ነው፤ ትርሲትን ሹሙ።»

«ሴት የውሃ አባት?» አለ ያየህ።

«እናት በለኛ!» አለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ግድብህን ራስህ ታፈርሳለህ።»

ተሾመች። ያስማሏት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከቦዩ እንዳትለይ።

ዘንድሮ በየካቲት ነጫጮቹ መኪኖች እንደገና መጡ። ደረቅ ነው ብለው አንዱ ማሳ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ዶክተር እሱባለው በወርቃማ ቀለም የተጻፈ መጥሪያ ይዘው፣ አንቺ ማለቱንም ትተው ቀረቡ።

«የመጀመሪያዋ የውሃ እናት! ጉባኤው እርስዎን ይጠብቃል። መኪናው ዝግጁ ነው።»

ትርሲት ከአካፋዋ ቀና አላለችም። «መኪናዎቹን ያስነሡ። የዚያ ማሳ ተራ ደርሷል።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ! ይህ የእርስዎ ሹመት ከተፋሰሱ መስተጋብር አንጻር…»

«ሰዓት የለንም፤» አለች። «ጥያቄዎ ተመዝግቧል።»

ቦዩንም ከፈተችው።

የፎገራ ዋልካ አፈር ውሃ ሲነካው እንደ ሙጫ መሆኑን ካርታው ላይ ያሳየ ምሁር አልነበረም። ከይፋግ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆመው ሲያዩ ጎማ ይሽከረከራል፣ ምሁር ይገፋል፣ ጫማ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ያየህ በሬዎቹን ሊያመጣላቸው ቃል ገባ፤ ያው፣ ማሳው ጠጥቶ ሲጨርስ ነው።

እንዲህ ሆኖ ያ የአምናው ጥልቅ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ወደ ታች የሚባለው ከመኪኖቹ አንጻር ኖሯል። መኪኖቹም ዘንድሮ የማንንም ሰፈር ቧንቧ ሳያደርቁ ታጠቡ።