አለ፣ አረፍ ይበሉ

መርካቶ ገብታችሁ ዕቃ ስትጠይቁ «የለም» ያላችሁ ነጋዴ ካለ፣ እባካችሁ ሱቁን ጠቁሙኝ፤ ሄጄ ሰውየውን ማየት እፈልጋለሁ። እኔ ዱባይ ተራ ፔርሙስ ስሸጥ ጢሜ ሸብቷል፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመኝም። እኛ ዘንድ የተጠየቀው ዕቃ ሱቃችን ውስጥ ኖረም አልኖረም መልሱ አንድ ነው፤ «አለ፣ አረፍ ይበሉ»። በርጩማ እናቀርባለን፣ ስለ መንገዱ እንጠይቃለን፣ በጨዋታ መሃል አንዳችን ሹልክ ብለን ከጎረቤት ሱቅ ዕቃውን ይዘን ከች እንላለን። ውሸት ነው እንዳትሉኝ። ዕቃው እኮ አለ፤ ሌላ ሰው ጋ መሆኑ ነው እንጂ። ጎረቤቴም ነገ ከእኔ ይወስዳል፤ ደንበኛውም በየሱቁ ሳይንከራተት ይሄዳል። ማን ተጎዳ? እኔም እስካለፈው ሰሞን ድረስ ማንም አልተጎዳም ባይ ነበርኩ።

ከሱቄ ፊት ለፊት የወጥ ቤት ዕቃ በጅምላ የሚሸጡ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ሰው አሉ። ሐያት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች። የሳቸው ምኞት ሱቁን ለእሷ አስረክበው እግራቸውን ዘርግተው መቀመጥ ነው። የእሷ ምኞት ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር የሠራችው አፕ ነው። ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማሙ። ወጣቶች የፈጠሩትን ለዳኞች የሚያሳዩበት ምሽት ሊዘጋጅ ነበርና፣ ዳኞቹ ከተቀበሏት የሥራ ቦታና ድጋፍ አግኝታ በመንገዷ ትቀጥላለች፤ ካልተቀበሏት በማግስቱ መጥታ ሱቅ ትቀመጣለች። ጋሽ ሸምሱ ይህን ሲያጫውቱኝ ለልጅቷ የሚሆን ምቹ ወንበር ገዝተው ጨርሰው ነበር።

ዝግጅቱ እኛው ሕንጻ ላይ፣ ላይኛው ፎቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሐያት የሕንጻውን ነጋዴዎች በሙሉ ስለጠራች ሱቃችንን በጊዜ ቆላልፈን ወጣን። በር ላይ ስማችንን ጽፈው ደረታችን ላይ ለጠፉልን። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሰው ሁሉ ቆሟል። ወጣቶቹ አንዱን ጨብጠው ሁለት ቃል ይነጋገራሉ፣ ስልክ ይለዋወጣሉ፣ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ኔትወርኪንግ ነው አሉኝ። እኛ ሰው ለመተዋወቅ አንድ የሰፈር ልቅሶ ይበቃናል። ቢሆንም ነገሩ ደስ አለኝና እኔም መሃል ገባሁ።

ወዲያው አንድ ኮት የለበሰ ጎረምሳ እጄን ያዘ።

«የሚፈቱት ችግር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ፔርሙስ ነው የምሸጠው።»

«ገባኝ። ግን ችግሩ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰብኩና «ሻይ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

ልጁ አልሳቀም። በቁም ነገር ራሱን ነቀነቀና «ገበያው ሰፊ ነው» ብሎኝ አለፈ። እውነቱን ለመናገር፣ ለሥራዬ እንዲህ ያለ ክብር ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ የሐያት ተራ ደረሰ። አፑ ቀላል ነው። ሐዋሳ ያለ ደንበኛ የሚፈልገውን ዕቃ ይጽፋል፤ ጽሑፉ በያንዳንዳችን ስልክ ይመጣል፤ ያለው አረንጓዴ ይነካል፣ የሌለው ቀይ። ደንበኛው ዕቃው የትኛው ሱቅ እንዳለ አውቆ ይመጣል። ሐያት አፑን ስልካችን ላይ ጫነችልንና ከዳኞቹ አንዷን፣ መነጽር ያደረጉትን ሴትዮ፣ የፈለጉትን ይዘዙ አለቻቸው። ሴትዮዋ «ባለ ሦስት ሊትር ቢጫ ፔርሙስ» ብለው ጻፉ።

እኔ ቢጫ የለኝም። ግን ጋሽ ሸምሱ አያጡም ብዬ አረንጓዴውን ነካሁ። ጋሽ ሸምሱም እኔን ተማምነው ነኩ። ዓይኔን መልሳችን ወደሚታይበት ትልቅ ስክሪን ባነሳ ሕንጻው በሙሉ ለምልሟል። ጫማ ነጋዴው ሳይቀር ቢጫ ፔርሙስ አለው።

«ይሄን ያህል ሱቅ?» አሉ ሴትዮዋ። «እንግዲያው አንዳችሁ አምጡልኝና ልየው። ሱቃችሁ እዚሁ ሥር አይደል?»

ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። እኔ ጋሽ ሸምሱን አያለሁ፣ ጋሽ ሸምሱ እኔን ያያሉ። ሐያት ማይኩን እንደያዘች ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። የልጅቷን ልፋት በአንድ ጣት ገደል ከተትነው። ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «ሁሉም አለ የሚል ከሆነ ይሄ ነገር ምን ይጠቅማል?» አሏት።

ሐያት ዞር ብላ አባቷን አየች።

«አባ፣ እውነት አለህ?»

እንግዲህ አስቡት። ጋሽ ሸምሱ ዝም ቢሉ፣ ወይም እንደ ልማዳቸው አለ ቢሉ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ነገ ልጃቸው በዚያች በተገዛችው ወንበር ላይ ናት። ዙሪያውን ደግሞ ደንበኞቻቸውም ተፎካካሪዎቻቸውም ተቀምጠዋል። ጋሽ ሸምሱ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ኮፊያቸውን አስተካከሉ።

«የለኝም» አሉ።

ቃሉን ከሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተቀመጡና ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ቀዩን ፈልገው ነኩ። እኔም እያፈርኩ ነካሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ስክሪኑ መቅላት ጀመረ። በመጨረሻ ጫማ ነጋዴው ብቻ ቀረ፤ ሳምቡሳ ሊያነሳ ሄዶ ኖሮ ተጠርቶ መጥቶ እሱም ቀዩን ነካ። ለካስ በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ አንድም ቢጫ ፔርሙስ የለም። ሁላችንም በጎረቤት ተማምነን ነው።

«ደንበኛዬ ከሐዋሳ ሳይነሳ ማወቅ ያለበት ይህንን ነው» አለች ሐያት። ዳኞቹ ተንሾካሾኩ፣ ተመካከሩ፣ ተቀበሏት። እኔ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ጋሽ ሸምሱም አጨበጨቡ፤ ከሁላችንም ቀድመው ያቆሙት ግን እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ወሬው ሶማሌ ተራ ደርሶ ተመልሷል፤ ሸምሱ ዕቃ አልቆበታል፣ በሰው ፊት ተነስቶ የለኝም አለ፣ ከስሯል። ረፋዱ ላይ ነጋዴዎች እየመጡ «አይዞህ፣ ያለ ነው» ይሏቸው ጀመር። አላስቻለኝምና ተሻግሬ «ጋሼ፣ ለምን እንዲህ ነው የሆነው ብለው አያስረዷቸውም?» አልኳቸው።

ባዶውን ወንበር ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«ያቺ ልጅ ገንዘብ ጠይቃኝ ታውቃለች፣ ፈቃድ ጠይቃኝ ታውቃለች» አሉ። «ትናንት ግን እውነቱን ጠየቀችኝ። ለልጅ ደግሞ አረፍ በይ አይባልም። እውነት ተናግሬ ደግሞ ማስተባበያ አልደረድርም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ማታ ሊያጽናኗቸው የሚመጡ ሰዎች አላቋረጡም፤ እሳቸውም ለሁሉም ሻይ እያስመጡ «አላህ ይስጥልኝ» ሲሉ ዋሉ።